በተራ የሚመጣ ፍቅር

ነገሩ የጀመረው በአንዲት ወረቀት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአሜሪካ፣ በኦሃዮ ግዛት፣ ከኮሎምበስ ከተማ የአንድ ሰዓት መንገድ ርቃ በምትገኝ ትንሽ ከተማ የምትኖር እኅቴን ልጠይቅ ሄጄ ነበር። እኅቴ ጉልበቷን ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ከሆስፒታል ከወጣች ገና ሦስተኛ ቀኗ ነው። ከሁለት ትንንሽ ልጆቿ በቀር በአቅራቢያዋ ዘመድ የሚባል የላትም። እኔም ብሆን እንግዳ ነኝ፤ እንኳን በሽተኛ ላስታምም የምድጃውን አከፋፈት እንኳ በቅጡ አላወቅሁም። በዚህ መሐል በሩ ተንኳኳ። ከፍቼ ባይ ሰባ ዓመት ሳያልፋቸው የማይቀር አንዲት ነጭ ሴትዮ በጨርቅ የተሸፈነ ትኩስ ሳህን ታቅፈው ቆመዋል።

የመጡት ከእኅቴ ቤት ወረድ ብሎ ካለው የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ነው። እኅቴ የዚያ ቤተ ክርስቲያን አባል አይደለችም። ኦርቶዶክስ ናት፤ በእሑድ ሥራ በማትገባበት ሳምንት ቅዳሴ የምትሄደው ኮሎምበስ ድረስ ነው። ሴትዮዋ የሚያውቋት በምትሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ሟች ባለቤታቸውን ታጥብላቸው፣ ታጎርስላቸው ስለነበረ ነው። ሳህኑን አስቀመጡ፤ የእኅቴን እጅ ያዝ አድርገው ጥቂት ተቀመጡ፤ ልጆቹን በስማቸው ጠሩ። ሲሄዱም በአራት የታጠፈ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ጥለው ወጡ።

ወረቀቱ ቤተ ክርስቲያኑ በየሳምንቱ የሚያድለው የፕሮግራም ማስታወቂያ ነበር። እሑድ ከጠዋቱ 4 ሰዓት አምልኮ፤ ረቡዕ ማታ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት፤ ሐሙስ የመዘምራን ልምምድ፤ ቅዳሜ ጠዋት ለችግረኞች የምግብ ዕደላ፤ በወሩ የመጀመሪያ እሑድ ቅዱስ ቁርባን። በሚመጣው ወር አሮጌ ልብስና ዕቃ የሚሸጥበት ባዛር አለ። ከዚያ በኋላ ሁሉም ከየቤቱ ሠርቶ ባመጣው ምግብ በምድር ቤቱ አዳራሽ የጋራ ራት ይበላል። የጣራ ጥገና ኮሚቴ ማክሰኞ ማታ ይሰበሰባል። ከዚህ ሁሉ ሥር ደግሞ «ምግብ የሚወሰድላቸው» የሚል ርዕስ አለ። በርዕሱ ሥር የእኅቴ ስም፣ ከስሟ አጠገብ ቀኖች፣ ከቀኖቹ አጠገብ የማናውቃቸው ሰዎች ስም በሰንጠረዥ ተደርድሯል። ሰኞ እገሊት፣ ረቡዕ እገሌና ባለቤቱ፣ ዓርብ እገሊት...

እኅቴ ወረቀቱን አንብባ ሳቀች። ሳቋ ግን የደስታ አልነበረም። «አየህ ጋሼ፣ እንደ ጣራው ጥገና ለእኔም ፕሮግራም ወጥቶልኛል» አለችኝ። ጥቂት ዝም ብላ ቆይታም «እኔ ደግሞ ናፍቃኝ የመጣች መስሎኝ! ለካ ተራዋ ኖሯል» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

አንባቢ ሆይ፣ ይህ ጽሑፍ የእኅቴን ያንን ንግግር መልስ ለመስጠት የተደረገ ሙከራ ነው። በዚያን ቀን አፌን ይዤ ዝም ብያለሁና።

ለመሆኑ እኅቴን ያስቀየማት ምንድን ነው? ምግቡ መጥቷል። ትኩስ ነው። ያመጡትም ሴት በትሕትና ነው ያቀረቡት። ነገር ግን እኛ «ሰው መጣልኝ» ስንል ምግብ መጣልኝ ማለታችን አይደለም። አንድ ሰው በሐሳቡ ውስጥ እኔን አገኘኝ፤ ልቡ አላስቀምጥ አለው፤ ተነሥቶ መጣ ማለታችን ነው። ያ ሰው የመጣው ስሙ ከቀኑ ጋር ተጽፎ ስላየ ከሆነ ከምግቡ ውስጥ አንድ ነገር የተሰረቀብን ያህል ይሰማናል።

ይህን ስሜት በሚገባ የገለጸ አንድ አሜሪካዊ ፈላስፋ አለ። ማይክል ስቶከር ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተመው ጽሑፍ እንዲህ ዓይነት ምሳሌ አቅርቧል። ታመህ ሆስፒታል ተኝተሃል፤ ብቸኝነቱ አሰልችቶሃል። አንድ ወዳጅህ ከተማውን አቋርጦ ሊጠይቅህ ይመጣል። አንተም ደስ ብሎህ ምስጋና ታዥጎደጉድለታለህ። እሱ ግን «ኧረ ምንም አይደለም፣ ማድረግ የሚገባኝን ነው ያደረግሁት» ይልሃል። በመጀመሪያ የትሕትና ንግግር ይመስልሃል። ጨዋታው ሲቀጥል ግን ሰውየው ቃል በቃል እውነቱን እየተናገረ መሆኑ ይገባሃል። የመጣው አንተን ብሎ ሳይሆን ግዴታውን ብሎ ነው። ያን ጊዜ ጥየቃው በእጅህ ላይ ይቀዘቅዝብሃል። ስቶከር እንደሚለው ድርጊቱንና የድርጊቱን መነሻ የሚለያይ የሥነ ምግባር ትምህርት ሁሉ ከወዳጅነት ውስጥ ወዳጁን ያወጣዋል።

ከዚህ ተቃራኒ የቆመው ታላቁ ጀርመናዊ አማኑኤል ካንት ነው። ካንት እ.ኤ.አ. በ1785 ባወጣው የሥነ ምግባር መሠረቶችን በሚመረምረው መጽሐፉ፣ በተፈጥሮው ርኅሩኅ ስለሆነና ሰውን መርዳት ስለሚያስደስተው የሚረዳን ሰው ያመሰግነዋል እንጂ ከፍ ያለ የግብረ ገብ ዋጋ አይሰጠውም። ይልቅ ያ ሰው የገዛ ኀዘኑ ልቡን አጨልሞበት፣ የሌላው ችግር ምንም የማይሰማው ሆኖ ሳለ፣ ግን ማድረግ ይገባኛል ብሎ ከደነዘዘበት ተነሥቶ የረዳ እንደሆነ ድርጊቱ ያን ጊዜ እውነተኛ ዋጋ አገኘ ይላል።

እነዚህን ሁለት ሊቃውንት እርስ በርስ ማጋጨት ቀላል ነው። እኔ ግን ቆይቼ ሳስበው የሚናገሩት በተለያየ ቦታ ሆነው ይመስለኛል። ስቶከር የሚናገረው አልጋው ላይ ሆኖ ነው፤ ካንት የሚናገረው ደጃፉ ላይ ሆኖ ነው። የተኛው ሰው «ወዶኝ ይሆን?» ብሎ ይጠይቃል። የሚመጣው ሰው ግን «ባልወደውስ? ዛሬ ደክሞኝ፣ ዛሬ ከፍቶኝ ከሆነስ? ልቅር?» ብሎ መጠየቅ አለበት። የአንዱ መልስ ለሌላው አይሆንም።

ያቺን ወረቀት የጻፈው ቤተ ክርስቲያን ይህን የደጃፉን ጥያቄ አጥብቆ በመያዝ የተወለደ ነው። ስሙ ራሱ ይህን ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ1729 በእንግሊዝ አገር በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ቻርልስ ዌስሊ የተባለ ተማሪ ከጥቂት ጓደኞቹ ጋር በሥርዓት መጸለይና ማጥናት ጀመረ። ጥቂት ቆይቶ ታላቅ ወንድሙ ጆን መሪያቸው ሆነ። ጊዜያቸውን በሰዓት ከፋፍለው፣ እስረኞችን ለመጠየቅ ቀን ቆርጠው፣ ገንዘባቸውን ለድኾች ለክተው፣ የጥንቱን ክርስቲያኖች ልማድ ተከትለው ረቡዕና ዓርብ ይጾሙ ነበር። የቀሩት ተማሪዎች ሣቁባቸው። ነገርን ሁሉ በዘዴና በደንብ የሚያደርጉ ለማለት «ሜቶዲስት» የሚል ቅጽል ለጠፉባቸው። ስሙ ስድብ ነበር። እነሱ ግን ተሸከሙት።

ዌስሊ ሥርዓት ብቻውን ሰውን እንደማያሞቅ ከማንም በፊት ያወቀ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1736 መጀመሪያ ጀምሮ በጆርጂያ ቅኝ ግዛት ሁለት ዓመት ያህል አገልግሎ ውድቀት ተከናንቦ ነው የተመለሰው። በግንቦት 1738 በለንደን በአንድ ጉባኤ ተቀምጦ ልቡ እንደሞቀ የጻፈው ከዚያ በኋላ ነው። ልቡ ከሞቀ በኋላ ግን ሥርዓቱን አልጣለውም። እንዲያውም አጠናከረው። ሙቀት እንደሚበርድ ያውቅ ነበርና!

በ1742 የሆነው ነገር ደግሞ ለእኛ ለባለ እድሮቹ እንግዳ አይደለም። በብሪስቶል ከተማ የተሠራው የመሰብሰቢያ ቤት ዕዳ ነበረበትና ዕዳው እንዴት ይከፈል ተብሎ ምክክር ተደረገ። ካፒቴን ፎይ የተባለ አንድ ሰው እያንዳንዱ አባል በሳምንት አንዲት ፔኒ ያዋጣ አለ። ሌላው ተነሥቶ ብዙዎቹ ድኾች ናቸው፤ ይህችንም አይችሉም ብሎ ተቃወመ። ካፒቴኑም እንግዲያውስ ከሁሉ የደኸዩትን አሥራ አንዱን ለእኔ ስጡኝ፤ በየሳምንቱ በየቤታቸው እየዞርኩ እሰበስባለሁ፤ መስጠት ላልቻለው ከራሴ እከፍልለታለሁ የሚል መልስ ሰጠ። ሌሎችም በዚሁ መልክ ሰው ተከፋፈሉ።

ገንዘብ ሰብሳቢዎቹ በየቤቱ ሲገቡ ግን ከፔኒው ሌላ ነገር አገኙ። አንዱ ቤት ባልና ሚስት ተጣልተዋል፤ በሌላው ቤት አባወራው መጠጥ ይዞታል፤ ሌላው ጋ በሽተኛ ተኝቷል። ዌስሊ ይህን ሲሰማ ስንፈልገው የኖርነው ይህ ነው አለ። አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት እየሆኑ በየሳምንቱ እየተገናኙ የሚጠያየቁበት ጉባኤ የተወለደው ከዚህች የፔኒ መዋጮ ነው። መተዋወቃቸው የመጣው ከሒሳቡ በኋላ ነው።

ዌስሊ ራሱ በጥር 1785፣ በሰማንያ አንድ ዓመቱ፣ ለድኾች ልብስ መግዣ ገንዘብ ለመለመን በለንደን ጎዳናዎች ላይ አምስት ቀን ሙሉ ቁርጭምጭሚት በሚያጠልቅ ቅልጥ በረዶ ውስጥ ተመላልሷል። ሁለት መቶ ፓውንድ ሰብስቦ በጽኑ ታሞ ተኛ። ካንት ያንን መጽሐፍ ያሳተመው በዚያው ዓመት መሆኑን ሳስብ እገረማለሁ። አንዱ በኮኒግስበርግ ጠረጴዛው ላይ የጻፈውን ሌላው በለንደን በእግሩ ይሄደው ነበር። በአራተኛው ቀን ጠዋት የሽማግሌው እግር በረዶውን ሲነካ ልቡ ሞቆ ይሆን? አላምንም። ግን ወጥቷል።

አሁን ወደ አገሬ ልመለስ።

አባቴ ያረፈ ዕለት፣ አዲስ አበባ፣ ጉለሌ በሚገኘው ሰፈራችን የእድሩ ጡሩምባ ሌሊት ተነፋ። ጎሕ ሳይቀድ ድንኳን ተተከለ። ሰው ተሰበሰበ። ከመጡት መካከል በአጥር የተነሣ ከአባቴ ጋር ስድስት ዓመት ሙሉ የተኳረፉ አንድ ጎረቤት ነበሩ። በመንገድ ሲተላለፉ እንኳ ሰላምታ የላቸውም። እኚህ ሰው መጡ፤ ከድንኳኑ ጥግ ተቀመጡ፤ ስም ሲጠራ «አለሁ» አሉ። ሁለተኛውም ቀን እንዲሁ። ሬሳ ሲነሣ በተራቸው ቃሬዛ ያዙ። በሰልስቱ ዋዜማ ማታ፣ ሰው ሳሳ ባለ ጊዜ፣ ወደ እናቴ ቀረብ ብለው ያሉትን ልረሳው አልችልም። «እኔ እንኳ እውነቱን ለመናገር ቅጣቱን ፈርቼ ነው የመጣሁት። ሦስት ቀን እዚህ ስቀመጥ ግን ሰዉ ሁሉ ስለሱ ሲያወራ ሰማሁ። እኔ የማውቀው አጥሩን ብቻ ኖሯል» አሏት። እናቴም «እግዜር ይስጥልኝ፣ እንኳን መጡ» አለቻቸው። ከዚያ በኋላ እናቴ እስክትሞት ድረስ ሰላምታቸው አልተቋረጠም።

እንግዲህ እድሩ ባይኖር ኖሮ እኚህ ሰው አይመጡም ነበር። የእድሩ ቅጣት ፍቅር አይደለም። ነገር ግን ፍቅር ሊገኝበት ወደሚችልበት ቦታ ጎትቶ አምጥቷቸዋል። አርስቶትል ሰው ጻድቅ የሚሆነው የጽድቅ ሥራ በመሥራት ነው፤ በመጀመሪያ ጻድቅ ሆኖ ከዚያ ወደ ሥራው የሚሄድ የለም ሲል ይህንኑ ማለቱ ይመስለኛል። የመጀመሪያው «አለሁ» የሚባለው በባዶ ልብ ነው።

ሌላም ነገር አለ። የሚወደድ ሰው ሲታመም ተራ አያስፈልገውም፤ ቤቱ በጠያቂ ይሞላል። ቁጡው፣ ነጭናጫው፣ ዘመድ የሌለው፣ ቋንቋ የማያውቀው መጤ ሲታመምስ? ልባችንን ብቻ የምንከተል ከሆነ ልባችን ወደ ወደድነው ይሄዳል። ሰንጠረዥ ግን የሰው ፊት አያይም። ተራ ማለት ችግረኛውን ከእኛ ውደታና ጥላቻ የሚጠብቀው አጥር ነው። እኅቴ በዚያች ከተማ የሚወዳት ሰው እስኪበዛ ድረስ ብትጠብቅ ኖሮ ጉልበቷ ድኖ ሥራ ትገባ ነበር።

በዚህ ላይ ባበቃ ጽሑፉ ያምር ነበር። ግን እውነቱ ግማሽ ይሆናል።

እኔም በዘመኔ የእድር ጸሐፊ ሆኛለሁ። በዚያን ጊዜ በአንድ የግቢ ክፍል ተከራይታ ቆሎ እየሸጠች የምትኖር ሴት የእድራችን አባል ነበረች። መዋጮዋን ሁለት ወር አልከፈለችም፤ ሦስተኛውም አለፈ። ደንቡ ግልጽ ነው። ሦስት ወር ያልከፈለ ከመዝገብ ይሰረዛል። በቀይ እስክሪብቶ፣ በማስመሪያ፣ ቀጥ ያለ መስመር በስሟ ላይ አሰመርሁ። በግል ጥላቻ አልነበረም፤ ደንቡን ጠብቄ ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ ልጇ ሞተ። ጡሩምባ አልተነፋም፤ ድንኳን አልተተከለም። የግቢው ሰዎች እንደምንም ብለው ቀበሩት። ያልከፈለችው ልጁን ስታሳክም እንደነበረ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ከእኔ ቤት እስከ እሷ ቤት መቶ እርምጃ አይሞላም። አልሄድኩም ነበር።

ተራና ደንብ ለሰው ፊት አያዳላም ብያለሁ። ከመስመሩ ውጪ ላለ ሰው ግን ጨርሶ ፊት የለውም።

የሜቶዲስቶቹም ታሪክ ከዚህ ኀጢአት ንጹሕ አይደለም። በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በፊላደልፊያ ከተማ በሚገኘው የቅዱስ ጊዮርጊስ የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን በአንድ እሑድ አቤሴሎም ጆንስ የተባለ ጥቁር ምእመን ተንበርክኮ እየጸለየ ሳለ አንዱ የቤተ ክርስቲያኑ ባለአደራ መጥቶ ቦታህ ይህ አይደለም ብሎ ሊያስነሣው ጎተተው። ጆንስ ጸሎቱ እስኪያልቅ ታገሠኝ ቢለው አልታገሠውም። ጸሎቱ ሲፈጸም ጥቁሮቹ ምእመናን በሙሉ አንድ ላይ ተነሥተው ወጡ። ከእነሱ ጋር የነበረው፣ በባርነት ተወልዶ ነጻነቱን በገንዘቡ የገዛው ሪቻርድ አለን ኋላ እ.ኤ.አ. በ1816 ለተመሠረተው የአፍሪካ ሜቶዲስት ኤጲስቆጶሳዊ ቤተ ክርስቲያን የመጀመሪያው ጳጳስ ሆነ። ዌስሊ ግን ይህ ከመሆኑ ከብዙ ዓመታት በፊት፣ በ1774፣ የባሪያ ንግድን የሚያወግዝ መጽሐፍ ጽፎ ነበር። በአሜሪካ የነበሩት ልጆቹ ይህን እያወቁ ከ1939 እስከ 1968 ድረስ ጥቁሮቹን አጥቢያዎች በቀለማቸው ለይተው በአንድ የተለየ አስተዳደር ሥር አኖሩ።

ያ ባለአደራ እኮ የመቀመጫ ደንብ ማስከበሩ ነበር! እኔም በማስመሪያ ነው ያሰመርሁት። ሥርዓት በራሱ መልካም አይደለም። እንደ ጋሪ ነው። ዳቦም ይጫንበታል፣ ሬሳም ይጫንበታል።

ታዲያ የትኛው ተራ ነው ፍቅርን የሚያደርስ? የትኛውስ ነው በፍቅር ፈንታ የሚቀመጥ? መልሱን ያገኘሁት ከመጽሐፍ አይደለም። ከእኅቴ ማዕድ ቤት ነው።

ያቺ የመጀመሪያዋ ሳህን የመጣችው ረቡዕ ዕለት ነበር። በውስጧ ያለው ከዶሮና ከፎርማጆ ጋር በምድጃ የበሰለ ፓስታ ነው። እኅቴ ደግሞ ረቡዕና ዓርብን ከልጅነቷ ጀምሮ አፍርሳ አታውቅም። ሴትዮዋ ሲሄዱ ልጆቹ በሉ፤ እሷ በሻይ ዳቦ ቀመሰች። በዓርቡ ሌላ ሰው ሌላ የሥጋ ምግብ አመጣ። እሷም አመስግና ተቀበለች፤ አልነካችውም። በሰኞው የመጀመሪያዋ ሴትዮ ባዶ ሳህናቸውን ሊወስዱ ብቅ አሉ። ተራቸው አልነበረም። ማቀዝቀዣውን ከፍተው ወተት ሊያስገቡ ሲሉ የዓርቡ ምግብ ከነክዳኑ ተቀምጦ አዩት። ዝም ብለው አልዘጉትም። ወንበር ስበው ከእኅቴ አጠገብ ተቀመጡና «ይህ ምግብ አልተስማማሽም እንዴ?» ብለው ጠየቋት። እኅቴ መጀመሪያ አፈረች፤ ቀጥሎ ነገሩን አስረዳቻቸው።

በሚቀጥለው እሑድ የወጣውን ወረቀት ልጇ ከደጃፍ አነሣችልን። ከእኅቴ ስም አጠገብ አዲስ መስመር ተጨምሯል። «ረቡዕና ዓርብ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል የሌለበት።» ረቡዕ ማታ አንድ ሽማግሌ ከባለቤታቸው ጋር የባቄላና የአትክልት ሾርባ ይዘው መጡ። ቅቤ እንዳልገባበት ሁለት ጊዜ ነገሩን። ሁለት መቶ ዘጠና ዓመት ያህል ቀደም ብሎ የስማቸው አባቶች በኦክስፎርድ ረቡዕና ዓርብ ሲጾሙ እንደተሣቀባቸው ሽማግሌው ያውቁ እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም።

እኅቴ ወረቀቱን ይዛ ቆየችና «አሁን እኔን ጻፉኝ» አለች።

ዌስሊ እ.ኤ.አ. በ1786 ሕሙማንን ስለ መጠየቅ በጻፈው ስብከት ርዳታ በሌላ ሰው መላክና ራስ ሄዶ መስጠት አንድ አይደለም ብሎ አጥብቆ ይከራከራል። ባለጠጎች ለድኻ የማይራሩበት አንዱ ዋና ምክንያት እቤቱ ስለማይሄዱ ነው ይላል። ምግቡ በመልእክተኛ ቢመጣ ኖሮ በሰዓቱ ይደርስ ነበር፤ ያልተነካውን ሳህን ግን ማንም አያየውም ነበር። ሴትዮዋን እስከ በሩ ያመጣቸው ተራው ነው። ማቀዝቀዣው አጠገብ ያስቆማቸው ግን ተራው አይደለም። ያየውን አይቶ እንዳላየ የማያልፍ ዓይን ነው። ያ ዓይን ደግሞ እቤት ድረስ ካልመጣ ምንም አያይም።

ስለዚህ ለእኅቴ ያን ቀን ልሰጣት የሚገባኝ መልስ ይህ ይመስለኛል። በተራ መምጣታቸው አያስቀይምሽ። ማንም ሰው በየቀኑ ልቡ ሞልቶ አይገኝም፤ የአንቺ ረኀብ ደግሞ የእነሱን ልብ መሙላት አይጠብቅም። የምትጠይቂው ግን ሁለት ነገር አለ። በተራቸው የመጡት ሰዎች ከገቡ በኋላ ያዩሻል ወይ? ያዩትስ ነገር ተመልሶ ሰንጠረዡን ያርመዋል ወይ? የማይታረም ተራ መዝገብ ብቻ ነው። ያላየ ጠያቂም ሳህን አቀባይ ነው። ሁለቱ ከተገናኙ ግን በግዴታ የተጀመረው ነገር መቼ ፍቅር እንደሆነ የመጣውም፣ የተኛውም ሳያውቁት ያልፋል።

ለእኔ ለራሴም መልስ አለው። ካፒቴን ፎይም እንደኔ መዝገብ ይዞ መዋጮ ሰብሳቢ ነበር። ልዩነታችን እሱ መክፈል የማይችሉትን ለይቶ ለራሱ ወሰዳቸው፤ እኔ መክፈል ያልቻለችውን ለይቼ ሰረዝኳት። እሱ ፔኒዋን ፍለጋ ቤት ገባ፤ እኔ ገንዘቡ ቤቴ ድረስ እስኪመጣ ጠበቅሁ።

ወደ አዲስ አበባ ከተመለስሁ በኋላ በእድራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ አንድ ዐረፍተ ነገር በደንቡ ላይ እንዲጨመር ሐሳብ አቀረብሁ። ማንም አባል ሦስት ወር ባለመክፈሉ ከመሰረዙ በፊት ከኮሚቴው አንድ ሰው በእግሩ ቤቱ ድረስ ሄዶ እንዲጠይቀው የሚል ነው። ክርክር ተነሣ። «ማን ጊዜ አለው?» የሚል አልጠፋም። በመጨረሻ «ኮሚቴው በተራ ይሂድ» ተብሎ ተወሰነ።

የመጀመሪያው ተራ የእኔ ሆነ። በዝርዝሩ ላይ የቆሎ ሻጯ ስም የለም። ግቢው ለልማት ፈርሶ ነዋሪዎቹ በየአቅጣጫው ከተበተኑ ቆይተዋል። የነገሩኝን ሁለት ሦስት ቦታ ሄጄ ጠይቄያለሁ፤ አላገኘኋትም። በዝርዝሩ ላይ የነበረው ጡረታ የወጡ አንድ አናጢ ናቸው። መሄድ አላሰኘኝም ነበር፤ ቀኑ ዝናብ ነው። ተራዬ ስለሆነ ሄድኩ።